የሚስተር ዋልተር ትርፍ ወንበር

ጨዋ አስተዳደግ ጥሩ ነገር ነው ይባላል። እኔም እስካለፈው ዓመት ድረስ እንደዚያው ነበር የማምነው። ወደ ጠፈር የሚወስድ ወንበር፣ ያውም በነፃ፣ ከፊቴ ቀርቦልኝ ሳለ በአንዲት «ኧረ ይቅርብኝ» ከእጄ ሲያመልጥ ግን እናቴ ስታሳድገኝ የት ላይ እንደተሳሳተች ቁጭ ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። ነፍሷን ይማረውና ጥፋቱ የእሷ ብቻ አይደለም። የእናንተም እናቶች እንደዚሁ ነው ያሳደጓችሁ።

ሥራዬ እዚህ ፈረንጅ አገር ሰው ማመላለስ ነው። ጥቁር መኪና፣ ጥቁር ሱፍ፣ ከኋላ ሁለት ጠርሙስ ውሃ። ታክሲ ነጂ የሚሉኝ አሉ፤ ከእነሱ ጋር ብዙ አንነጋገርም። ከደንበኞቼ ሁሉ አብረን የቆየነው ከሚስተር ዋልተር ጋር ነው። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ካልቨር ሲቲ ውስጥ ለፊልም ስቱዲዮዎች መብራት የሚያከራይ ድርጅት ነበራቸው፣ ሸጠው ጡረታ ወጡ። እንግሊዝኛ ትልቁንም ትንሹንም «ዩ» ስለሚል እኔም «ዩ» እላቸዋለሁ። በልቤ ግን አንቱ ናቸው። በአባቴ ዕድሜ ያሉትን ሰው አንተ ብዬ ማታ እንቅልፍ አይወስደኝም።

አንድ ሐሙስ ከሐኪም ቤት ስንመለስ ላ ሲየነጋ ጎዳና ላይ ትራፊኩ ያዘንና ቆምን። ሚስተር ዋልተር በጥቅምት ወር ጠፈር እንደሚሄዱ ነገሩኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ለካ የምራቸውን ነው። በረሃ ላይ ሮኬት ያለው አንድ ኩባንያ አለ፤ ስድስት ስድስት ሰው ይጭንና ሰማዩ ጥቁር እስከሚሆንበት ድረስ ይወስዳል፤ እዚያ ጥቂት ደቂቃ ሰው ሳይከብድ ይንሳፈፋል፤ ከዚያ ይመለሳል። የዋጋውን ነገር ተዉት፣ ሰው ቤቱን ሸጦ የሚሄድበት ነው። ሚስተር ዋልተር ሁለት ወንበር አላቸው፤ አንዱ ሰው የለበትም። «አብረኸኝ ትመጣለህ?» አሉኝ።

እዚህ ላይ ልቤ ምን እንዳለ ልንገራችሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ኤርፖርት አደርሳለሁ። ሻንጣ አወርዳለሁ፣ «ሃቭ ኤ ሴፍ ፍላይት» እላለሁ፣ እመለሳለሁ። ሰው ሁሉ ሂያጅ ነው፣ እኔ አድራሽ ነኝ። ሶ ልቤ በደረቴ ውስጥ ተነስቶ ቆመና «አዎ» አለ። አፌ ግን የእናቴ ልጅ ነው። «ኧረ ኖ፣ ኖ፣ ቴንኪው፣ ይሄማ በጣም ብዙ ነው» አለ።

ይህ እምቢታ እንዳልሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። ሰው ቤት ሄዳችሁ ምግብ ቢቀርብላችሁ መጀመሪያ «በልቼ ነው የመጣሁት» ትላላችሁ፤ አንጀታችሁ እየጮኸም ቢሆን። ባለቤቱ እንደገና ይለምናል፤ እንደገና «ኧረ ጠግቤያለሁ» ትላላችሁ። በሦስተኛው «በሞቴ» ሲል፣ እንግዲህ የሰው ሞት ከመጣማ ምን ይደረጋል ብላችሁ እጃችሁን ትታጠባላችሁ። እኔም ሁለተኛውን ልመና እየጠበቅሁ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየሁ። ሚስተር ዋልተር አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው «ይገባኛል፣ ውሳኔህን አከብራለሁ» አሉና ስልካቸውን አወጡ። በቃ። ውሳኔዬን ያከበረልኝ ሰው ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው፤ ምነው ባላከበሩልኝ።

የሐበሻ ሱቅና ምግብ ቤት ወዳለበት ሰፈር፣ ፌርፋክስ፣ ሄጄ አንዱ ምግብ ቤት ማኪያቶ አዘዝኩ። እዚያ ምግብ ቤት መስኮቱ ሥር ያለው ጠረጴዛ የጋሼ መኮንን ነው። ጋሼ መኮንን ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ የእድራችን ሊቀመንበር ናቸው። ሰው ሲከፋው የማይሆን ነገር ይናገራል፤ እኔም «ጠፈር ተጋበዝኩ እኮ» አልኳቸው። እምቢ ማለቴን ለመናገር አፌን ስከፍት እሳቸው ተነስተው ለምግብ ቤቱ ሰው ሁሉ አውጀው ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ማኪያቶዬን ሳልጨርስ ፌርፋክስ ከዳር እስከ ዳር ሰማ።

በሳምንቱ ዕቃ ይመጣ ጀመር። መንገደኛ አለ ሲባል ዕቃ የማይልክ ሐበሻ የለም። አንዷ የልጇን የኢሚግሬሽን ማመልከቻ ኮፒ አድርጋ ሰጠችኝ፤ ከዚያ ለእግዚአብሔር ይቀርባል አለች። አንዱ ፀበል በፕላስቲክ ጠርሙስ አመጣ። እትዬ አስቴር የምትባል የባልትና ሱቅ ያላት ሴት ደግሞ አንድ ኪሎ በርበሬ አሽጋ ሰጠችኝ። ለማን ነው ብዬ ጠየቅኋት። አንድ ሐበሻ አይጠፋም አለችኝ። ሁሉንም ተቀበልኩ፤ አይሆንም ማለት የምችል ሰው ብሆን ኖሮ መጀመሪያስ እዚህ ጣጣ ውስጥ ምን አገባኝ።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ እውነቱን ለጋሼ መኮንን ተናዘዝኩ። እሳቸው ፈረንጅ ካልተማረ እንደማይለምን፣ ጥፋቱም የክፋት ሳይሆን የዕውቀት ማነስ እንደሆነ፣ ስለዚህ ሰውየውን እሑድ ምሳ አምጥቼ ማስተማር እንዳለብን ወሰኑ።

ሚስተር ዋልተርን እዚያው ምግብ ቤት ምሳ ጋበዝኳቸው። እሳቸው ደግሞ ያለ አንዳች «ኧረ አይሆንም» በመጀመሪያው ጥሪ እሺ አሉ፤ እንዴት ደስ የሚል ባህል ነው ብዬ ቀናሁባቸው። እሑድ መጥተው በሉና እንደ ጠገቡ «ጠገብኩ» አሉ። ጋሼ መኮንን ትልቅ የጥብስ ቁራጭ አነሱና ፊታቸው አስቀመጡ። ሚስተር ዋልተር እጃቸውን ዘርግተው በእውነት መጥገባቸውን አስረዱ። ጋሼ መኮንን ሌላ ጨመሩ። ሦስተኛው ላይ ሚስተር ዋልተር ግራ ገብቷቸው ወደ እኔ ዞሩ። ያን ጊዜ ጋሼ መኮንን ትምህርቱን ጀመሩ፤ የመጀመሪያው አይ ሰላምታ ነው፣ ሁለተኛው አስተዳደግ ነው፣ ሦስተኛው ላይ በሞቴ ይባላል፣ በሞቴ ከተባለ በኋላ እምቢ የሚል ሰው ወይ ተቀይሟል ወይ ታሟል። ሚስተር ዋልተር ከኪሳቸው እስክሪብቶ አውጥተው ሶፍት ላይ ጻፉ። «ቤ ሞ ቴ» እያሉ ሦስቴ ተለማመዱ።

ከዚያ መጻፋቸውን አቆሙና አዩኝ። የዚያ ሐሙስ «ኖ» ትዝ ብሏቸዋል። እኔ ሰላጣውን ማየት ጀመርኩ።

«አብረኸኝ ጠፈር ትመጣለህ?» አሉኝ፣ ምግብ ቤቱ በሙሉ እየሰማ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። እሺ ማለት ነበረብኝ። ግን ሁለተኛው ነበር፤ በሁለተኛው እሺ ያለ ሰው በወገኖቼ መካከል አይቼ አላውቅም፤ ጋሼ መኮንንም እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ እያዩኝ ነው። «ኧረ ኖ፣ ቴንኪው» አልኩ። ጋሼ መኮንን ጎሽ የኔ ልጅ በሚል ዓይን ራሳቸውን ነቀነቁ። ሦስተኛው ልመና ቤት ድረስ በመምጣት፣ ባለቤቴ ባለችበት ቢሆን እንደሚያምር ለሚስተር ዋልተር አስረዱ። ለአርብ ተቀጠረ። ሚስተር ዋልተር እስከዚያ እንዳነበው ብለው ከኩባንያው የመጣ ወፍራም ወረቀት ሰጡኝ። በደስታ ኮሪያታውን ያለው ቤቴ እስክደርስ ሬዲዮ ሳልከፍት ዘፈንኩ።

ባለቤቴ ጽጌ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው። ቀኑን ሙሉ ፎርም ታነባለች፣ ፎርም ታስፈርማለች። የጠፈሩን ወሬ እስከዚያን ቀን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም፤ ባለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ላስ ቬጋስ እወስድሻለሁ ስላት ስለኖርኩ ጠፈርንም እዚያው ጎን አስቀምጣው ነበር። ወረቀቱን ሳሳያት መነጽሯን አደረገች። እኔ በሕይወቴ ያነበብኩት የፊርማ ቦታውን ብቻ ነው። እሷ ግን ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረች።

መጓጓዣውን መንግሥት ደህና ነው ብሎ እንዳላረጋገጠው አነበበችልኝ። ተሳፋሪው ሊጎዳ፣ ሊሞት እንደሚችል አውቆ፣ ወዶ እንደሚሄድ አነበበችልኝ። ልብ፣ ዓይን፣ ጀርባ፣ እያንዳንዱ ምን ሊሆን እንደሚችል ተጽፏል። አንድ ቦታ ስትደርስ ድምፅዋ ቀነሰ። አደጋ ቢደርስ አስከሬኑ ላይገኝ ይችላል ይላል። መነጽሯን አወለቀችና ጠረጴዛው ላይ አደረገችው።

«እና እኔ ምንህን ነው የምቀብረው?» አለችኝ።

መልስ ከሌለኝ የምደውለው ለጋሼ መኮንን ነው። እድራችን አባሉ ሲሞት ሬሳውን አገር ቤት ይልካል፤ ደንቡ ላይ ግን ሬሳ ከሌለ ምን እንደሚላክ አልተጻፈም። ጋሼ መኮንን በስልክ አስቸኳይ ስብሰባ ጠሩ። እንደምታውቁት በኮንፈረንስ ኮል ላይ ድምፁን ሚዩት የሚያደርግ ሐበሻ የለም፤ አንዱ ጋ ሽንኩርት ይጠበሳል፣ አንዱ ጋ ሕፃን ያለቅሳል፣ አንዱ ድራይቭ እያደረገ ነው። አንድ ሰው ጠፈር ውጭ አገር ይባላል ወይ ብሎ ጠየቀ። ሌላው፣ ከሮኬቱ አንድ ብረት ቢገኝ በሳጥን ማድረግ ይቻላል አለ። አንዲት ሴት ደግሞ እኔ እየሰማሁ ድንኳኑ የት እንደሚተከል መጠየቅ ጀመረች። አንድ ሰዓት ሙሉ በቁሜ ቀበሩኝ። በመጨረሻ ይታሰብበት ተብሎ ተዘጋ።

እውነቱን እናውራ፣ ፈራሁ። ወንበሩን ስመኝ የነበረው ሰው ሌላ ሰው መሰለኝ። ጽጌ ሽንኩርቱን እንደዚያ ቀን ስትከትፈው አይቼ አላውቅም። አርብ ሲመጡ እምቢ እላቸዋለሁ አልኳት። የእውነት እምቢ። አመነችኝ።

አርብ ማታ በአሥራ ሁለት ሰዓት ሚስተር ዋልተር አበባና ኬክ ይዘው መጡ። ባዶ እጅ እንዳይመጡ ጋሼ መኮንን አስጠንቅቀዋቸዋል። ሱፍ ለብሰዋል። ተቀመጡና፣ ሽማግሌ ሆኖ እንደተላከ ሰው ጉልበታቸው ላይ እጃቸውን አድርገው፣ አብሬያቸው እንድሄድ ጠየቁኝ።

«ሚስተር ዋልተር፣ አልሄድም» አልኩ።

ፈገግ አሉ። «ቤ ሞቴ» አሉኝ።

የምሬን እንደሆነ ነገርኳቸው። የበለጠ ፈገግ አሉ። እንደፈራሁ ነገርኳቸው። ጉልበቴን መታ መታ አድርገው «ቤ ሞቴ» አሉ። ልጅ እንዳለኝ፣ የደም ግፊት እንዳለብኝ፣ ከፍታ እንደማልወድ፣ በርጩማ ላይ ቆማ አምፑል እንኳን የምትቀይረው ጽጌ መሆኗን ነገርኳቸው። ሁሉንም እንደ ግጥም እያጣጣሙ ሰሙና እንደገና በሞቴ አሉ። አምስት ጊዜ እምቢ አልኩ፣ አምስት ጊዜ ደስ አላቸው። በሕይወቴ አንድ ጊዜ የልቤን እምቢታ ተናገርኩ፣ እሱንም ባህል አደረጉት።

በመጨረሻ ጽጌ ከወጥ ቤት መጣችና ፊታቸው ቆመች። እሷ ፎርም የምታስፈርም ሴት ናት፤ እንግሊዝኛዋ አጭርና ቀጥ ያለ ነው።

«ሚስተር ዋልተር፣ መጀመሪያ ሲጠይቁት መሄድ ፈልጎ ነበር። አሁን ፈርቷል። እኔም እንዲሄድ አልፈልግም። ቢሞት የምቀብረው የለኝም። ይሄ የእውነት ኖ ነው።»

ፈገግታው ከፊታቸው ወረደ። ይቅርታ ጠየቁ፤ እሷን ይቅርታ፣ እኔን ይቅርታ። እንዳላስቸግራችሁ ሌላ ሰው እፈልግ ነበር፣ ግን የምጠይቀው ሰው የለኝም አሉ። ለምን ራስዎስ አይተዉትም አለቻቸው ጽጌ። ሚስተር ዋልተር የያዙትን የሻይ ብርጭቆ አስቀመጡ። ወንበሮቹን የገዛችው ባለቤታቸው ማርጋሬት እንደሆነች፣ ለጋብቻችን አርባኛ ዓመት ብላ ተመዝግባ ስድስት ዓመት ወረፋ እንደጠበቁ፣ ወረፋው ሳይደርስ እሷ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት መጋቢት ላይ እንዳረፈች ነገሩን። ባዶው ወንበር የእሷ ነው። አጠገባቸው የማያውቁት ሰው እንዲቀመጥ ኩባንያው ሊሸጠው ይችላል፤ እሳቸው ግን ማርጋሬትን የሚያውቅ ሰው ቢቀመጥበት ይመርጣሉ።

እኔ ማርጋሬትን አውቃቸዋለሁ። ሦስት ዓመት ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው መንገዱን ሙሉ እያወሩ ወስጃቸዋለሁ። ሴት ልጄ ስትወለድ ኮፍያ ሠርተው ሰጥተውኛል። ከዚያ አንድ ቀን ቀሩ። እኔ ምን አልኩ? ተፋተው ይሆናል አልኩ። እዚህ አገር ከኋላ ወንበር የጠፋ ሰው ወይ ተፋቷል፣ ወይ የራሱን መኪና ገዝቷል ብዬ። አልጠየቅሁም፤ የሰው ትዳር ምን አገባኝ፣ ነውር ነው ብዬ። ሚስተር ዋልተር በየሐሙሱ ከኋላዬ ሐዘን ይዘው ሲቀመጡ፣ እኔ ከፊት ሆኜ ስለ አየሩ አወራላቸው ነበር። አንድ ዓመት ተኩል። ስጦታ የሰጡኝ መስሎኝ ስግደረደር ከረምኩ፤ ሰውየው ለካ የሚሹት አጠገባቸው የሚቀመጥ ሰው ነበር። መሬት ብትከፈት ያን ጊዜ ጠፈር ሳይሆን ሥርዋ ነበር የምገባው።

ጽጌ እጄን ይዛ ወጥ ቤት አስገባችኝና በሩን ዘጋችው።

«ትሄዳለህ» አለችኝ።

«አንቺ አይደለሽም እንዴ አሁን አይሄድም ያልሽው?»

«እኔ ያልኩት ሽርሽር መስሎኝ ነው። ይሄ ለቅሶ ነው። ሴትየዋ ለልጅህ ኮፍያ ሠርታለች፤ ስትሞት አልደረስክም። አሁን ደግሞ ሰውየው ብቻውን ይሂድ?»

«ወረቀቱን አንብበሽው የለም? ብሞትስ?»

ዓይኖቿ ሞልተዋል፤ አውቃለሁ፣ ያነበበችው ገጽ ሁሉ በቃሏ አለ። «ለቅሶ ለመድረስ ሲሄዱ በመኪና የሞቱ አሉ» አለች። «ለቅሶ ግን አልቀረም።» ከዚያ ፊቷን ታጥባ ኬኩን መቁረስ ጀመረች።

ሄድኩ። በጥቅምት በረሃው ድረስ ድራይቭ ያደረግሁት ራሴ ነኝ፤ ሚስተር ዋልተር ለመጀመሪያ ጊዜ ከፊት፣ ከአጠገቤ ተቀመጡ። የሰውን ሁሉ ዕቃ፣ በርበሬውን ጨምሮ፣ ለየባለቤቱ መልሻለሁ፤ ለቅሶ የሚሄድ ሰው የሰው ዕቃ አይዝም። ሁለት ቀን አሠለጠኑን፣ መዘኑን፣ ግፊቴን በመድኃኒት አስተካክሎ አንድ ሐኪም አሳለፈኝ። ወረቀቱን ፈረምኩ፤ አንብቤ የፈረምኩት የመጀመሪያው ነው። ጽጌ ከአጥሩ ውጭ ከሌሎቹ ቤተሰቦች ጋር ቆማ ነበር። እጇን አላውለበለበችም፤ ዳዊቷን ይዛበት ነበር።

ሮኬቱ ሲነሳ የማውቃቸውን ቅዱሳን በሙሉ ጠራሁ፤ የማላውቃቸውንም ገምቼ ጨመርኩ። ደረቴ ላይ አንድ ወፍራም ሰው የተቀመጠ መሰለኝ። ጉንጬ ወደ ጆሮዬ ሄደ። ጽጌ ያነበበችልኝ ልብ፣ ዓይን፣ ጀርባ ሁሉ በተራ ትዝ አለኝ። ከዚያ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ፤ ሰውየውም ከደረቴ ተነሳ። በመስኮቱ ሰማዩ በጠራራ ፀሐይ ጥቁር ነው፤ መሬት ደግሞ ከሥር ክብ ብላ፣ ዳርዋ ላይ ስስ ሰማያዊ ነገር ለብሳ ትታያለች። ቆንጆ ናት፤ ሌላ የምለው የለኝም።

ሌሎቹ አራት ተሳፋሪዎች ቀበቷቸውን ፈትተው እየሳቁ ተንሳፈፉ። አንዱ በራሱ ላይ ይገለባበጣል፣ አንዷ ከረሜላ በአየር ላይ ትለቅማለች። እኛ ሁለታችን ቀበቷችንን አልፈታንም። ሚስተር ዋልተር በመስኮቱ በኩል እያዩ ያለቅሳሉ። እዚያ እንባ አይወርድም፤ ዓይን ላይ እየተከማቸ እንደ ብርጭቆ ይቆማል፣ ሰው ካላነሳው አይሄድም። መሐረብ አውጥቼ አንዱን ዓይናቸውን፣ ከዚያ ሌላውን ጠረግሁላቸው። እጃቸውን ያዝኩ። እግዚአብሔር ያጥናዎት አልኩ፣ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ከዚያ እንደሚሆን እንደሚሆን በእንግሊዝኛ።

«ሳልሰማ ቀርቼ ነው ሚስተር ዋልተር» አልኳቸው። «ያኔ መምጣት ነበረብኝ።»

ዓይናቸውን ከመስኮቱ ሳይነቅሉ እጄን ጠበቅ አደረጉት።

«መጥተሃል እኮ» አሉኝ።